ራምቦ 5ን ቅዳሜ እናሳየው ወይስ ይቅር?

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከፊልም ማሳያችን በኋላ ወንበር እየሰበሰብን የጀመርነው ጭቅጭቅ እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ስለመጣ እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁት ባጭሩ፦ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀረቡት ፊልሞች የራምቦ አምስተኛው ክፍል «ላስት ብለድ» ብዙ እጅ አገኘ። ሁለት ሰዎች ደግሞ «ተቺ ሁሉ ያዋረደው፣ ደም ብቻ የሆነ ፊልም ነው፤ ተኩስ በሚሰማበት በዚህ ጊዜ እዚህ ባሕር ዳር ሰው ሰብስበን ልናሳየው አይገባም» ብለው ተነሡ። አቅራቢው ተቆጥቶ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ሂሳቡን እኔ ከፍያለሁ፣ ይታወቅልኝ።

ፊልሙን ላላያችሁት፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው፤ ሲልቬስተር ስታሎን ያኔ 73 ዓመቱ ነበር። ራምቦ አሪዞና በአባቱ እርሻ ላይ ፈረስ እየገራ፣ ከመሬት በታች ዋሻ እየቆፈረ ይኖራል። እንደ ልጁ ያሳደጋት ጋብርኤላ ጥሏት የሄደ አባቷን ፍለጋ ሜክሲኮ ትሻገርና ሴት የሚሸጡ ወንድማማቾች እጅ ትወድቃለች። ሊያወጣት ይሄዳል፤ ቀጥቅጠው ፊቱን በስለት ተልትለው ይጥሉታል። በሁለተኛው ሙከራ ያወጣታል፣ ግን በግድ በወጓት አደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ያለው በቀል ነው።

ተቺዎች ምን አሉ? የተቺዎችን ግምገማ በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ከአራት ተቺ አንዱ ያህል ብቻ ነው የወደደው። ከተራው ተመልካች ግን ከአምስት አራቱ ያህል ወዶታል። «ራዚ» የተባለው የመጥፎ ፊልሞች የፌዝ ሽልማት ሁለት ሰጥቶታል፤ አንዱ ለመጥፎ ተከታይ ክፍል፣ ሌላው «የሰውን ሕይወትና የሕዝብን ንብረት ከምንም ላለመቁጠር»። ራምቦን መጀመሪያ በልቦለድ የፈጠረው ዴቪድ ሞሬል ራሱ ፊልሙ ዝብርቅርቅ ያለ መሆኑን ተናግሮ፣ ስሜ አብሮት በመነሳቱ አፍራለሁ ብሏል።

እንግዲህ ተቺዎቹ ናቸው ልክ ወይስ ተመልካቹ? እኛስ እናሳየው? ስድብ የለም። የፖለቲካ ሊንክ የሚለጥፍ ሰው ይወጣል።

ዓባይ ማዶ፦
ሻዩን ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ሂሳቡን አመሰግናለሁ።

ተቺ ማለት በሳምንት አምስት ፊልም በነፃ የሚያይ ሰው ነው። ጠግቦ ነው የሚያየው። እኛ ግን ተበድሎ የሚጮህበት ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። አቤት ብሎ ነገ ና የተባለ፣ ነገ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው የተባለ፣ ከነገ ወዲያ ፋይልህ ጠፍቷል የተባለ። ያ ሰው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢተነፍስ ማንን ጎዳ? ራምቦ እኮ ለመሬት አልገደለም፣ ለሥልጣን አልገደለም። ልጁን ነው የነጠቁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ይሄን ለማወቅ ፊልም መማር አያስፈልግም።

ከተመልካች አምስት አራቱ ወዶት ከተቺ አራት ሦስቱ ከጠላው፣ ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ነርሷ፦
ዓባይ ማዶ፣ ቁጥሩን ተወው። ፊልሙን ወዶ የሄደ ሰው ነው ወድጄዋለሁ የሚለው፤ ራምቦን የማይወድ ሰው መጀመሪያም ትኬት አልገዛ።

ግን ከተቃዋሚዎቹም ጋር አልስማማም። «ደሙ በዛ» ለሚሉት ነው የምናገረው። እኔ ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰውን የሚያታልለው ደም የሌለበት ፊልም ነው። ሃምሳ ሰው እንደ ሳር ይወድቃል፣ አንድም አይጮኽም፣ አንድም «ውሃ» አይልም፤ አክተሩ ኮቱን አራግፎ ይሄዳል። ልጆቻችን ያንን በየቤቱ ያያሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም። በዚህ ፊልም ቢያንስ የተወጋ ሰው የተወጋ ይመስላል። ቢላዋ ሲገባ ታያለህ፣ ፊትህን ታዞራለህ። ፊት ማዞር ጥሩ ነው፣ ጤነኛ መሆንህን ነው የሚያሳየው።

እኔን ያበሸቀኝ ልጅቷ ናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ወደድናት፣ ፈረስ ጋለበች፣ ኮሌጅ ልትገባ ነው ተባለ። ከተያዘች በኋላ ግን ሰው መሆኗ ቀረ። ምን አሰበች፣ ምን አለች፣ አናውቅም። ራምቦ እንዲናደድ ነው የሞተችው። ማገዶ ናት። የእሷ ፊልም ነበር እኮ መሆን የነበረበት!

በነገራችን ላይ መጨረሻ ላይ ልብ የሚያወጣበት ነገር... ጎድን አጥንት የሚባል ነገር አለ፣ ወገኖቼ። በአንድ ቢላዋ ሽንኩርት እንደ መክተፍ አይደለም።

ፖሊ፦
ስለማይሆን ነገር ከተነሳ ስለ ዋሻው እናውራ። አንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ ያንን ሁሉ ብቻውን ቆፍሮ አፈሩን የት ደፋው? አየር ማስገቢያው የት አለ? በዚያ ሁሉ ፍንዳታ ጣሪያው ያልተናደው በምን ድጋፍ ነው? ደግሞ አሪዞና የተባለው ቦታ ቡልጋሪያ ነው። ሜክሲኮ የተባለውም ቴኔሪፍ የሚባል የስፔን ደሴት ነው። አፈሩን አይቼ ጠርጥሬ ነበር።

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
ፖሊ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህን ለመምህርህ አስረክብ።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
እናንተ ልጆች፣ ራምቦን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ቡድን የለም። ደርግ ከወደቀ በኋላ እዚሁ ከተማ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አግዳሚ ወንበር። መግቢያ 1 ብር። በር ላይ «ዛሬ ራምቦ» ብዬ በጠመኔ ከጻፍኩ ሰልፉ ጥግ ድረስ ነው። ልጆቹ ቀይ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ አስረው ይመጡ ነበር። ያ ጥርስ ያለው ትልቅ ቢላዋ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ «ራምቦ» ነው የሚባለው።

ሁለተኛውን ክፍል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1985ቱን ማለት ነው፣ ስንት ጊዜ እንዳሳየሁት አላውቅም። ካሴቱ ተላጠ። አሁን ሰብሳቢያችን የጠቀሰው ራዚ ያኔም ለሁለተኛው ክፍል «የዓመቱ መጥፎ ፊልም» ብሎ ሰጥቶት ነበር። በዓለም ዙሪያ ግን 300 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሦስተኛው በ1988 ወጣ፤ ከመቶ በላይ ሰው ይሞትበታል ተብሎ ጊነስ መዝግቦታል። እንግዲህ ተቺና ተመልካች በራምቦ የተጣሉት ዛሬ አይደለም፣ አሮጌ ደም ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም አያምነኝም። አንድ ቀን የመጀመሪያውን ክፍል አገኘሁ። የ1982ቱን። ደስ ብሎኝ «የራምቦ አንደኛ፣ አዲስ ገባ» ብዬ ጻፍኩ። ቤቱ ሞላ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ ከበቡኝ፦ «ብራችንን መልስ!» ለምን? «አንድ ሰው ብቻ ነው የሞተው!» እውነታቸውን ነው፣ ያ ከሄሊኮፕተር የወደቀው ፖሊስ ብቻ ነው ሲሞት የምታየው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አክተሩ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ልጆቹ «ጋሼ፣ ይሄ የውሸት ራምቦ ነው» አሉኝ። ለአንዳንዱ መለስኩ፣ ምን ላድርግ።

ቡና ጠጪዋ፦
ጋሼ ይሄ ታሪክ ግሩም ነው፣ ለብቻው ፊልም ይወጣዋል።

ስለ ሞሬል ልጨምር። የእሱ ልቦለድ በ1972 ነው የወጣው፤ በመጽሐፉ ራምቦ ይሞታል። ፊልሙንም መጀመሪያ የቀረጹት በሞቱ የሚያልቅ አድርገው ነበር። ለሙከራ ሲያሳዩት ተመልካቹ አልወደደም፣ ስለዚህ አተረፉት። አክተር አይሞትም! በተመልካቹ ጩኸት ከሞት የተረፈ ሰው ነው አምስት ክፍል የሠራው። ስለዚህ ተመልካቹ ከደሙ ንጹሕ ነው አትበሉኝ።

ዓባይ ማዶ፦
ሞሬል አፈርኩ አለ ብላችሁ አትመጻደቁበት። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ክፍል ፊልም ወደ መጽሐፍ ቀይሮ የጻፈው ማን ሆነና? እሱው ራሱ። ሲበላ ዝም ብሎ ማዕዱ ሲነሳ ወጡ ጨው በዛበት ይላል።

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
ይህቺን ወድጃታለሁ። ግን ለሞሬል ፍትሐዊ እንሁን፤ መጽሐፍ አድርጎ ሲጽፋቸው ወዷቸዋል ማለት አይደለም፣ አምስተኛውን ጠላሁ ማለትም መብቱ ነው። ደራሲ ከበቀል ፊልሙ ሲጣላ የመጀመሪያው አይደለም። ብራያን ጋርፊልድ የሚባል ደራሲ ሚስቱን የገደሉበት ሰው መሣሪያ አንስቶ ሌባ እየለቀመ ሲገድል የሚያሳይ ልቦለድ በ1972 ጻፈ። ሐሳቡ ሰውየው እየታመመ መሄዱን ለማሳየት ነበር። በ1974 ቻርለስ ብሮንሰንን ይዘው ፊልም ሲያደርጉት አዳራሹ አጨበጨበለት። ጋርፊልድ ደነገጠ፤ በቀጣዩ ዓመት መልስ እንዲሆን ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ፊልም ሠሪዎቹ ግን በ1982 ክፍል ሁለትን አወጡ፤ ታዋቂው ተቺ ሮጀር ኢበርት ምንም ኮከብ አልሰጠውም፣ ባዶ። የጋሼ ልጆች ብራችንን መልስ ያሉበት የመጀመሪያው ራምቦ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

ተርጓሚው፦
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ትርጉም ፊልም እሠራለሁ፤ ይሄንን ፊልምም ተርጉሜዋለሁ። ዳታ በጠፋባቸው ወራት በፍላሽ ሲዞር የነበረው አንዱ የእኔ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከወንጀሉ ውስጥ አለሁበት።

ሦስት ነገር ልናገር።

መጀመሪያ፣ የትኛውን ቅጂ ነው የምታወሩት? አሜሪካ የታየው 89 ደቂቃ ነው። ለሌላው ዓለም የወጣው 101። በረጅሙ መግቢያ ላይ ራምቦ በጎርፍ የተያዙ ሰዎችን ሊያድን ወጥቶ ሁሉንም ማዳን ያቅተዋል፤ ያላዳናቸውን ሲያብሰለስል ታዩታላችሁ። ያ ሲቆረጥ ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደሆነ አብሮ ተቆረጠ። አሜሪካውያን ተቺዎች «ይሄ ራምቦ አይደለም፣ ማንም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል» ያሉት አጭሩን አይተው ነው። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ግማሹን መቀሱ ነው የበላው።

ሁለተኛ፣ ተቺዎቹ በጣም የተቆጡበት ሌላ ነገር ሜክሲኮዎቹን የሣለበት መንገድ ነው። እንደነሱ አባባል ድንበሩን ስትሻገር ሁሉም ሌባ፣ ሁሉም ሴት ሻጭ ነው። ይሄ በትርጉም ጠፍቷል። እኔ «ማፍያዎቹ» ብያቸው ነው ያለፍኩት። እኛ ሰፈር ፊልሙን ያየ ሰው ስለ ሜክሲኮ ምንም አልተማረም፣ ክፉም ደግም።

ሦስተኛው ለመናገር ያሳፍረኛል። የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ የሚተረጎም ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ፍንዳታ፣ ጩኸት፣ የሮክ ሙዚቃ። ተርጓሚ ዝም ካለ ደግሞ ሰው «ድምፁ ተቋረጠ» ብሎ ይሰድበኛል። ምን አደረግኩ? ፎከርኩ። ራምቦ ቀስት ሲስብ «እኔ የጥቁር አባይ ልጅ» አልኩ። ወጥመዱ ሲፈነዳ ሸለልኩ። ሰው ያንን ቆርጦ ለብቻው ሲላላከው ነበር፤ ከፊልሙ ይልቅ ፉከራው ታወቀ። ስታሎን ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ቡና ጠጪዋ፦
ቆይ፣ ሁለተኛውን ነጥብ በቀላሉ አታሳልፈው። የውጭ ፊልም ኢትዮጵያን ሲያነሳ ረሃብና ዝንብ ብቻ ሲያሳይ እንዴት ነው የምንጮኸው? በሌላው ሲደርስ «ማፍያዎቹ» ብለን እናልፋለን?

ዓባይ ማዶ፦
ፊልሙ ውስጥ እኮ ደግ ሜክሲኳዊ አለ። ራምቦ ወድቆ ሲቀር አንሥታ ያከመችው ጋዜጠኛ ሜክሲኳዊት ናት። አብራው የምትኖረው የልጅቷ አያት ማሪያ ሜክሲኳዊት ናት። ልጅቷ ራሷስ? ተቺዎቹ እነዚህን አይተዋቸው እንዳላዩ ነው ያለፉት።

ቡና ጠጪዋ፦
ልክ ነህ፣ አሉ። አንዷ ቁስል ታጥባለች፣ አንዷ ምግብ ታበስላለች፣ አንዷ ትሞታለች።

ነርሷ፦
👏

የሞጣ ልጅ፦
ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

አባቴ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። ልጅ ሆኜ እርቁ ሲፈጸም አንዴ ብቻ አይቻለሁ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከሩቅ ይመጣል። የሟች ወገን ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። መሀል ላይ ቄስ መስቀል ይዞ ቆሟል። ማንም አያወራም፣ የሚሰማው የሟች እናት ትንፋሽ ብቻ ነበር። እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓመት ተኩል ምልልስ ፈጅቷል፤ ያውም ሰውየው በፍርድ ቤት ተፈርዶበት ታስሮ ከወጣ በኋላ። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን አሰረ እንጂ ደሙን አላደረቀውም። ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ስለ ነገሩ የማያውቀው ሁሉ ገበያ መውጣት አይችልም ነበር።

በቀል ማለት እኛ ዘንድ ይሄ ነው። ለብቻህ ተነሥተህ የምታደርገው ነገር አይደለም። እናት ደም የነካውን ልብስ ታስቀምጣለች። ሠርግ ቤት ሲፎከር የሟች ወንድም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሁሉም በዓይኑ ጥግ ያየዋል። ተርጓሚው የቀለድክበት ፉከራ የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ ያውቀዋል። (አልተቆጣሁህም፣ ሥራህ ጥሩ ነው።) ራምቦን ግን ማንም አልገፋውም። ማሪያን እንኳ ከቤት እንድትሄድ አድርጎ ነው ወጥመዱን የሠራው። የሚያየው የለም፣ የሚወቅሰው የለም። እኔ ያንን በቀል አልለውም፤ አደን ነው።

ሌላም አለ። እስካሁን ማንም ያላነሳው። ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸው፣ ቪክተርና ሁጎ። ራምቦ መጀመሪያ ቪክተርን ቤቱ ድረስ ገብቶ አንገቱን ይቆርጣል። ሆን ብሎ። ሁጎ እንዲመጣለት። ሁጎ ሰዎቹን ጭኖ ድንበር ተሻግሮ እስከ አሪዞና የሚመጣው ለምንድን ነው? ለገንዘብ አይደለም። የወንድሙን ደም ሊመልስ ነው! ሁጎም ደመኛ ነው። ወደ እርሻው የሚነዱት ሁሉ ልክ ራምቦ ሜክሲኮ እንደሄደው ነው የሚመጡት። አባቴ ፊት ቢቀርብ ሁለት ደም ነው የሚቆጥረው፣ የልጅቷንና የቪክተርን። ፊልሙ ግን የሠራውን ራሱ አላየውም፤ አንዱን ሐዘንተኛ አድርጎ ሌላውን አውሬ አድርጎ አለፈ። ተቺዎቹ ስለ ደሙ ብዛት ሲጮኹ ይቺን የሳቷት ይመስለኛል።

ዓባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ አጻጻፍህን አከብራለሁ፣ አባትህንም እንዲሁ። ግን ደሜ ፈላ። ልጅ ገዝቶ የሚሸጠውን፣ በመርፌ የገደላትን፣ ካሳደጋት ሰው ጋር እኩል በአንድ ሚዛን ታስቀምጣለህ?

ሽምግልና የሚሠራው አንድ ገበያ ለሚገበያዩ፣ አንድ ደብር ለሚሳለሙ፣ ነገ ከአንድ ምንጭ ውሃ ለሚቀዱ ሰዎች ነው። አብሮ መኖር ግዴታ ስለሆነ ነው እርቅ ያለው። ለማታውቀው፣ ስሙን ለማትጠራው፣ ነገ ሌላ ልጅ ለሚሸጥ ሰው ማንን ሽማግሌ ትልካለህ? ቄሱ መስቀሉን ይዞ ማን መሀል ይቁም? ጋብርኤላ እህትህ ብትሆን ኖሮ ይሄንን ጽሑፍ አትጽፈውም ነበር።

የሞጣ ልጅ፦
እህቴ ብትሆን አልጽፈውም ነበር። እውነት ነው።

የሽማግሌው ነገር ላይ መልስ አጣሁና አባቴ ጋ ደወልኩ። ታሪኩን እንዳለ ነገርኩት፤ ሰምቶ ሲጨርስ «ሽፍታ ሽማግሌ አይቀበልም፣ ሽፍታ ለመንግሥት ነው» አለኝ። መንግሥቱም ከሽፍታው ጋር ቢሆንስ አልኩት፤ ፊልሙ ውስጥ ፖሊሶቹ አብረው ናቸው። ዝም አለ። ቆይቶ «በጠቅላላው ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልቆጠርኩም አልኩት። «ያልቆጠርከውን ደም ለማን ልታቀርበው ነው እኔን የምትጠይቀኝ?» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ፖሊ፦
እኔ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ነርሷ፦
ፖሊ!!

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
የሞጣው ልጅ፣ ሁጎም ደመኛ ነው ያልከው ውስጤ ገባ። ይሄን ሁሉ ዓመት ፊልም ሳሳይ የወዲያኛውን ሰው ወንድም አስቤው አላውቅም። በጫካ ውስጥ በቀስት የወደቁት እነዚያ ወታደሮችስ ወንድም የላቸውም ነበር? ሰው ግን ይሄን እያሰበ ፊልም ማየት ይችላል? እኔ አይመስለኝም። ሱቄ በሳምንቱ ይዘጋ ነበር።

ተርጓሚው፦
ጋሼ፣ የሚያሳስቡ አሉ። በቀል ሆነው፣ ደም ኖሯቸው፣ ግን የሞተው ሰው ክብደት ያለው። የመጀመሪያው ራምቦ አንዱ ነው። ያ ከሄሊኮፕተር የወደቀው ፖሊስ ክፉ ሰው ነው፣ ቢሆንም ከሞተ በኋላ ፊልሙ ይለወጣል፤ ሸሪፉ ወዳጁ ሞቶበታልና ከዚያ በኋላ የሚያሳድደው በሥራው ብቻ አይደለም። ራምቦም ሬሳው አጠገብ ቆሞ ጥፋቱ የእኔ አይደለም እያለ እጁን ለመስጠት ይወጣል፣ ይተኩሱበታል። አንድ ሞት አንድ ሰዓት ሙሉ ፊልም ተሸከመ። ስተረጉመው ንግግሩ ብዙ ነበር፣ አንድም ቦታ አልፎከርኩም። ቦታ አልነበረውም።

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
እሺ፣ አሁን የእኔን ልበልና ወደ ድምፅ እንሂድ። ተቺዎቹ ልክ ናቸው፣ ምክንያታቸው ግን ሁሉም ልክ አይደለም። የሜክሲኮውን ነገር በትክክል አይተውታል። የነርሷን ማገዶ አንዳንዶቹ አይተውታል። የሁጎን ነገር ግን እዚህ ሽምብጥ ሰፈር ተቀምጬ ነው የሰማሁት፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ፊልሙን ማየት ተገቢ ይመስለኛል። ስለዚህ «ይታገድ» ለሚሉት ድምፄን አልሰጥም። አራተኛውን የበርማ ወታደራዊ መንግሥት አግዶት ሰው ተደብቆ ነበር ያየው።

ግን አንድ ያላሰብነው ነገር አለ፣ ዛሬ አዳራሹን ያከራዩን ሰውዬ ናቸው ያነሡት። «ቅዳሜ ማታ ምንድን ነው የምታሳዩት?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። «ተኩስ አለው?» አዎ አልኩ። «ብዙ?» አዎ። ዝም ብለው ግድግዳውን መቱት። ቆርቆሮና ጭቃ ነው። ከኋላው ሦስት አባወራ ይኖራል። «ባለፈው በሠርግ ርችት ተተኮሰ ተብሎ የጎረቤቴ ልጅ አልጋ ሥር ገብታ እስኪነጋ አልወጣችም» አሉ። በዚያ ሁሉ ክርክር ማናችንም ስለ ግድግዳው አላሰብንም።

ነርሷ፦
እውነት ነው። እኛ ግቢ በር ጠንከር ብሎ ሲዘጋ ሁሉም ቀና ይላል። ተኩሱ ከተማችን ከገባበት ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ጆሯችን ሌላ ሆኗል።

ዓባይ ማዶ፦
ድምፁን እንቀንሰዋለን።

ተርጓሚው፦
ድምፁ ከተቀነሰ የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ባዶ ነው። የሚሰማ ንግግር የለውም ብዬሃለሁ እኮ። ሰው ጆሮ ማዳመጫ ይዞ ይምጣ?

ፖሊ፦
ግድግዳውን በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ብንለብደው የሚያልፈው ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ያልፋል። ፍንዳታ ማለት ደግሞ ወፍራም ድምፅ ነው።

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቃሚ ነገር ተናገርክ።

ቡና ጠጪዋ፦
አንድ ሐሳብ። ቅዳሜ ከሰዓት በ9 ሰዓት የመጀመሪያውን እናሳይ፤ ባጃጅም በጊዜ ስለሚገባ ማታው አይመችም። አምስተኛውን ፍላሽ ያለው ለሌለው ይስጥ፣ ረጅሙን ቅጂ፣ እያንዳንዱ ቤቱ ይየውና በሳምንቱ ሁለቱን አንድ ላይ እንከራከርባቸው። የሁጎን ነገር በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።

የሞጣ ልጅ፦
ይሁን።

ነርሷ፦
ይሁን። በ12 ሰዓት ተረኛ ነኝ፣ 9 ሰዓት ይመቸኛል።

ተርጓሚው፦
ፍላሹን እኔ አመጣለሁ። ያለ ፉከራው። ፉከራውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የሞጣው ልጅ እንዳያየኝ።

ሽምብጥ (ሰብሳቢ)፦
ዓባይ ማዶስ? ፊልሙን ያቀረብከው አንተ ነህ፣ ያለ አንተ አልወስንም።

ዓባይ ማዶ፦
ተሸንፌ አይደለም። ተቺዎቹ ጠግበው ነው የሚናገሩት ያልኩት እንዳለ ነው፣ አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም። ለግድግዳው ብዬ ነው። ደግሞ ስሙኝ፣ አንድ ሰው ብቻ ለሚሞትበት ፊልም 30 ብር መግቢያ አልከፍልም።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
ና አንተ ልጅ። ካልወደድከው ብርህን እኔ እመልስልሃለሁ፣ ልማዴ ነው።